ኩርባ ያላየ ሙከራ፦ በሱባሩ ኤስ ቲ አይ ላይ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። "መኪናህን አብጠልጥለውልሃል፤ እስቲ አንብበው" አለኝ። አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት።

ጸሐፊው የሚኖሩት ዋሽንግተን አካባቢ ነው። የ2018 ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ኤስ ቲ አይ ለቅዳሜና እሁድ ተከራይተው ነድተዋል። ያዩትንም ጽፈዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ እሳቸውም እኔም የጻፍነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ስለ መኪና አነዳድ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ መጻፋቸው ራሱ ደስ አሰኝቶኛል። አጻጻፋቸውም ይጥማል። ግን ብዙው ነገር ልክ አይደለም። ሁለቱ ምክሮቻቸው ደግሞ አንዱ ሞተር፣ ሌላው ሰው ሊያጠፉ ይችላሉ። ብዕር ያነሳሁት በተለይ በእነዚያ ምክንያት ነው።

እኔ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ነው። ሥራዬ ሹፍርና ነው። ከዴንቨር ኤርፖርት መንገደኛ ጭኜ ቬይልና ብሬክንሪጅ አደርሳለሁ። የሥራዬ መኪና ቫን ነው። ከሥራ ውጭ የምነዳው ግን ያንኑ የ2018 ኤስ ቲ አይ ነው። አዲስ ሆኖ ነው የገዛሁት። ብዙ ክረምት አብረን አሳልፈናል።

ጽሑፋቸው በአጭሩ እንዲህ ይላል። ሞተሩ ይተኛል። መሪው ይከብዳል። መሃል ላይ ያለው የዲፈረንሻል (ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው የማርሽ ክፍል) መቆጣጠሪያ ለጌጥ ነው። በአራቱም ጎማ ስለሚሄድ በረዶ አያሰጋውም። ቤንዚን ይበላል፤ ርካሹን በመሙላት ግን ማካካስ ይቻላል። ኤሌክትሪክ ሴዳን በቀላሉ ያስከነዳዋል። ፋብሪካውም ማምረት ያቆመው ስለማይረባ ነው።

ከሞተሩ ልጀምር።

"ነዳጅ ስረግጥ ምንም የለም፤ ቆይቶ ድንገት ከኋላ ይገፋኛል" ብለዋል። ያሉት ሆኗል፣ አልክድም። በደቂቃ ከ3,000 ዙር በታች ይህ ሞተር ይዘገያል። 2.5 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙ፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር ነው። 305 የፈረስ ጉልበቱን የሚያወጣው 6,000 ዙር ላይ ነው። የመጠምዘዝ ኃይሉ ጫፍ የሚደርሰው ደግሞ 4,000 ላይ ነው። ስለዚህ የሞተሩ ሰፈር ከ3,500 በላይ ነው። ጸሐፊው ግን፣ ራሳቸው እንደነገሩን፣ ሀይዌይ ላይ ስድስተኛ ማርሽ አስገብተው ነው ነዳጅ የረገጡት። ይህ መኪና አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው በማኑዋል ማርሽ ብቻ ነው። ማርሽ የሚቀንስላችሁ ኮምፒዩተር የለም። ፍሪሲዮን ረግጠው አራተኛ ቢያስገቡ ኖሮ ሌላ መኪና ያገኙ ነበር። ሞተሩን ተኝቶ ያገኙት እሳቸው ስላልቀሰቀሱት ነው።

ደግሞም ባሕር ጠለል አጠገብ ሆኖ ተርቦን ማማት ይቀላል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ዴንቨር ላይ ቆማችሁ እንኳ 15 በመቶው የለም። ወደ ምዕራብ ነድታችሁ አይዘንሃወር ዋሻ ስትደርሱ 3,400 ሜትር ትደርሳላችሁ። እዚያ ሲሶው ሄዷል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ የሚያቃስተውን ላዳ ያስታውሳል። ላዳውን ያስቃሰተው እርጅና ብቻ አልነበረም። አየሩ ስስ ነው።

ተርቦ ያንን ስስ አየር ጨምቆ ለሞተሩ ይሰጠዋል። ከፍ ባልን ቁጥር ተርቦው ለመንቃት ትንሽ እንደሚዘገይ አልደብቅም። ከነቃ በኋላ ግን ከጆርጅታውን እስከ ዋሻው ያለው ረጅም ዳገት ዳገት አይመስልም። ሦስተኛ ማርሽ፣ 4,500 ዙር፣ ያ የሱባሩ ጎርናና ድምፅ። ያን ዳገት በሥራ ቀን በቫን እየጎተትኩ ስለምወጣው ልዩነቱን ወገቤ ያውቀዋል።

ጸሐፊው ሞተሩን መውቀስ ካማራቸው እውነተኛ ምክንያት ነበራቸው። አልነኩትም እንጂ። የዚህ ሞተር ዘር የተጀመረው በ1989 ነው። የአሜሪካው ኤስ ቲ አይ በ2004 ሲመጣ 300 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት 310 ነበር። ይኸው ነው። ሌላው ዓለም ወዲያ ሲሄድ ሱባሩ እዚያው ቆየ። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ፒስተኑ ነው። ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) የሚቀመጡባቸው ቀጫጭን የፒስተን ከንፈሮች ሊሰነጠቁ እንደሚችሉ የዚህ መኪና ባለቤቶችና ጋራዦች ያውቁታል። ሞተሩ ዘይት የመጠጣት ጸባይም አለው። የዘይት መለኪያዋን በየሁለት ሳምንቱ ካልመዘዛችሁ ይህን መኪና አትግዙ። አሮጌ ገዥ ከሆናችሁ ደግሞ የሲሊንደሮቹን ግፊት ሳታስለኩ ገንዘብ እንዳትሰጡ።

ይህ በቀጥታ ወደ አንደኛው አደገኛ ምክር ይወስደኛል።

"ርካሹን ቤንዚን ሙሉበት፤ ልዩነቱ አይታወቅም" ብለዋል። እባካችሁ ይህን እንዳታደርጉ። መኪናው የሚፈልገው ቢያንስ 91 ኦክቴን ነው። እኛ ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ከማደያው ማሽን ላይ ርካሹ ቁልፍ 87 እንኳ አይደለም። 85 ነው። ከዋሽንግተን የሚጻፍ ምክር ዴንቨር ሲደርስ ይበልጥ ይከፋል።

ኦክቴን ማለት የቤንዚኑ ጥንካሬ ማለት አይደለም። ቤንዚኑ ሲጨመቅ ያለሰዓቱ ላለመቀጣጠል ያለው ትዕግሥት ነው። ተርቦ አየሩን አስቀድሞ ይጨምቀዋል። ፒስተኑ ደግሞ ይደግመዋል። ትዕግሥት የሌለው ቤንዚን ሻማው ያስነሳው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። ፍንዳታው ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ኮምፒዩተሩ ይህን ሰምቶ እሳቱን ያዘገያል፤ ለጊዜው ያድነዋል። ዳገት ላይ፣ በሙሉ ጭነት፣ በሙቀት ቀን ግን ሁልጊዜ አይቀድምም። የሚመታው ደግሞ ቅድም ያልኳችሁን ቀጭን የፒስተን ከንፈር ነው። በአንድ ታንክ የሚተርፈው ጥቂት ዶላር ነው። ሞተር ማውረድና ማሠራት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በልቶ የማይጠግብ መሆኑ እውነት ነው፤ መንግሥት የለካው አማካይ በጋሎን 19 ማይል ነው። ይህን መክፈል የማይፈልግ ሰው ሌላ መኪና ቢገዛ አልፈርድበትም።

መሪው ይከብዳል ላሉት ብዙ አልልም። አዎ፣ ይከብዳል። የዚህ መኪና መሪ በሃይድሮሊክ ዘይት የሚታገዝ ነው። የዛሬ መኪኖች አብዛኞቹ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ መሪ አላቸው፤ በአንድ ጣት ይዞራል። የሃይድሮሊኩ ግን ጎማው የነካውን ወደ እጃችሁ ያመጣዋል። አስፋልቱ ሻካራ ሲሆን፣ ጠጠር ሲኖር፣ የፊት ጎማ መያዣው ሊያልቅበት ሲል የመሪው ክብደት ይለወጣል። ጎማው ሊንሸራተት ሲል መሪው ይቀልላል። ያንን መቅለል ከዓይኔ በፊት እጄ ያውቀዋል። ጥቁር በረዶ ባለበት መንገድ ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም። ማቆሚያ ቦታ ውስጥ ሲያዞሩት እጃቸውን ስለደከማቸው ብቻ እንደ ጉድለት መጻፋቸው አሳዝኖኛል።

አሁን ወደ ዲፈረንሻሉ። የመኪናው ነፍስ ያለችው እዚህ ነው። ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፉት። "መሃል ላይ ያለችው መቆጣጠሪያ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ብትገፋ ለውጥ የላትም፤ ለጌጥ ናት" አሉ።

ሀገር ቤት ሃይሉክስ ወይም የድሮ ላንድክሩዘር የነዳ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ፎር ዊል አስገብታችሁ ደረቅ አስፋልት ላይ ስትዞሩ መኪናው ይታሰራል። ጎማው ይጮኻል። ምክንያቱም ኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም፤ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ላይ ተቆልፈዋል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት አይታወቅም። አስፋልት ላይ ግን መላ ይፈልጋል። መላው በፊትና በኋላ መካከል ሌላ ዲፈረንሻል ማስገባት ነው።

ብዙዎቹ የዛሬ ኦል ዊል (በአራቱም ጎማ መሄድ የሚችሉ) መኪኖች ሌላ መንገድ ይከተላሉ። በአብዛኛው በፊት ጎማ ይሄዳሉ። የፊቱ ሲንሸራተት ወይም ሊንሸራተት ሲል ኮምፒዩተሩ ለኋላው ጉልበት ይልካል። ለዕለት ኑሮ ይበቃል። ኤስ ቲ አይ ግን ሁልጊዜም ለአራቱም ይሰጣል። ከመቶ 41 ለፊት፣ 59 ለኋላ። ከዚያ እንደ ሁኔታው የመሃሉን ዲፈረንሻል በኤሌክትሪክ ያጠብቀዋል ወይም ይለቀዋል። የፊቱም የኋላውም ዲፈረንሻል ደግሞ አንዱ ጎማ ብቻውን በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚገድቡ ናቸው። ጸሐፊው ለጌጥ ያሏት መቆጣጠሪያ የመሃሉን ዲፈረንሻል ጥብቀት ለሹፌሩ የምትሰጥ ናት። ከሙሉ ልቅ እስከ ጥብቅ።

ለውጧ ቀጥታ ሀይዌይ ላይ አይታይም። ቀጥታ ሀይዌይ ላይ ምኑም አይታይም። ከኢምፓየር ከተማ ወደ በርተድ ፓስ (የተራራ ማለፊያ በር) የሚወጣውን መንገድ ንዱት። መንገዱ እየተጠማዘዘ 3,400 ሜትር በላይ ይወጣል። ለኩርባው ፍሬን ትይዛላችሁ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ መሪውን ታዞራላችሁ። እዚህ ድረስ ከሌላ መኪና ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ከኩርባው ግማሽ በኋላ ነው። ሌላ ቦታ ነዳጅ ብትሰጡ አፍንጫው ወደ ውጭ የሚሸሽበት ጊዜ ነው። እዚህ ግን ነዳጅ ስትሰጡት አፍንጫው ወደ ውስጥ ይገባል። የፊቱ ዲፈረንሻል ወደ ኩርባው ይስባል፤ የኋላው ይገፋል። በመሪ ብቻ ሳይሆን በቀኝ እግራችሁም ታዞሩታላችሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን አላመንኩም ነበር። ከፓሱ ወርጄ እንደገና ወጣሁ።

በረዶ ላይ ደግሞ የመቆጣጠሪያዋ ሥራ በዓይን ይታያል። አንድ እሁድ ማለዳ በረዶ የሸፈነው ባዶ ማቆሚያ ቦታ ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ ሞከርኩት። መሪ አዙሬ ነዳጅ ሰጠሁ። ዲፈረንሻሉን ሙሉ ለሙሉ ስለቀው ኋላው ወጣ፤ መኪናው በራሱ ዙሪያ ዞረ። ሳጠብቀው፣ ያው መሪ፣ ያው ነዳጅ፣ መኪናው አልዞር አለኝ፤ አፍንጫውን ገፍቶ ወደ ፊት ሄደ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አንድ ዓይነት ውጤት አገኘሁ። ለጌጥ የተቀመጠ ነገር ይህን አያደርግም።

ይህ ሁሉ ከራሊ፣ በጠጠርና በጭቃ መንገድ ላይ ከሚደረገው የመኪና ውድድር፣ የመጣ ነው። ሱባሩ በ1995፣ በ1996 እና በ1997 በተከታታይ የዓለም ራሊ የአምራቾች ሻምፒዮን ነበር። በ1997 ኮሊን ማክሬ በኢምፕሬዛ የሳፋሪ ራሊን አሸንፏል፤ ኬንያ፣ ጎረቤታችን። የዚያን ጊዜው የኬንያ አቧራና ጭቃ ምን እንደሚመስል የእኛ ሰው መገመት አያቅተውም። መኪናው የተገራው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ብቻ ከመዘኑት ያልሠሩለትን ሚዛን ነው ያቀረቡለት።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ።

"በአራቱም ጎማ ስለሚሄድ በረዶ አያሰጋውም። ዴንቨርና ሚኒያፖሊስ ላሉ ወገኖቻችን የምመክረው ለዚህ ነው" ብለዋል። ይህን ገና የመጀመሪያውን በረዶ የሚያይ ልጅ ቢያነበው ምን ያደርጋል? ያምናል። እኔም አምኜ ነበር።

መኪናውን በገዛሁበት ዓመት፣ ኖቬምበር ላይ ነው። ማታ ከሥራ ወደ ቤት እየሄድኩ ነበር። በረዶው መጣል ከጀመረ ሁለት ሰዓት አይሞላውም። ከመብራት ስነሳ አጠገቤ ያሉት መኪኖች ጎማቸው በቦታው ይሽከረከራል። እኔ ግን ምንም ሳያንሸራትተኝ ወጣሁ። ልቤ ሞላ። በሰዓት ወደ 30 ማይል ደረስኩ። ቀጣዩ መብራት ቀይ ሆነ። ፍሬን ያዝኩ። ፍሬኑ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ መኪናው ግን መሄዱን አልተወም። ነጩን መስመር አለፍኩ። የእግረኛውን ማቋረጫ አለፍኩ። የቆምኩት መስቀለኛው መንገድ መሃል ላይ ነው። ከግራ በኩል አንዲት ሴትዮ ቀድማ አይታኝ ቆማ ነበር። ከኋላዋ የሕፃን መቀመጫ ይታየኝ ነበር። ያ መቀመጫ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ጥፋቱ የመኪናው አልነበረም። የእኔ ነው። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የሰመር ጎማ አልቀየርኩም ነበር። ኤስ ቲ አይ ይዞት የሚወጣው ጎማ ለሙቀት የተሠራ ነው። ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ላስቲኩ መጠንከር ይጀምራል። በረዶ ላይ እንደ ፕላስቲክ ነው። ኦል ዊል ማለት ሞተሩ አራቱን ጎማ ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። ለማቆም ምንም አይጨምርም። ፍሬንማ የየትኛውም መኪና ፍሬን በአራቱም ጎማ ላይ ነው። የሚያቆማችሁ ጎማው ነው።

እንዲያውም ኦል ዊል አንድ የሚደብቀው ነገር አለ። በሁለት ጎማ የሚሄድ መኪና ገና ስትነሱ ስለሚንሸራተት መንገዱ ምን እንደሚመስል ይነግራችኋል። ኦል ዊሉ ግን ደረቅ መንገድ እንዳገኘ ሆኖ ይነሳል። ማንሸራተቱን የምታውቁት ፍሬን ስትይዙ ነው። ያኔ ደግሞ ረፍዷል። በሥራ ቀን ፍሎይድ ሂል ላይ ከመንገድ ወጥተው ከማያቸው መኪኖች ብዙዎቹ ኦል ዊል ናቸው። አይገርመኝም። በፍጥነት እስኪገቡበት ድረስ ምንም አላስጠነቀቃቸውም።

የኮሎራዶ ሕግም ይህን ያውቃል። ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ፣ አይ 70 በሚባለው ሀይዌይ ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ኦል ዊል የሆነ መኪና እንኳ የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም 5 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ኦል ዊል ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ጥርሱን ማን ይለካው ነበር?

ከዚያ ማታ በኋላ በሳምንቱ ሁለተኛ ቸርኬ ከነበረዶ ጎማው ገዛሁ። አሁን በየዓመቱ በረዶው ሳይመጣ እቀይራለሁ። በእነዚያ ጎማዎች መኪናው ምን እንደሚሆን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ላቭላንድ ፓስን ትኩስ በረዶ ላይ ወጥቼዋለሁ። ይነሳል፣ ይዞራል፣ ከሁሉ በላይ ይቆማል። ጸሐፊው መኪናው በረዶ ይወዳል ቢሉ ኖሮ "ትክክል፣ ጎማውን ከቀየርክለት" እል ነበር። አያሰጋውም ማለት ግን ሌላ ነው።

ስለ ፍሬን ካነሳን አይቀር፣ ጸሐፊው አንድ ቃል እንኳ አልጻፉበትም። የ2018ቱ ከፊት በእያንዳንዱ ጎማ ባለ ስድስት ፒስተን ብሬምቦ ፍሬን ይዞ ነው የመጣው። ፓይክስ ፒክ የሚባለው ተራራ ላይ ወጥቶ መውረድ ፍሬኑን ያሳያችኋል። እዚያ ስትወርዱ የተራራው ጠባቂዎች ግሌን ኮቭ ላይ አስቁመው የፍሬኑን ሙቀት ይለካሉ። የጋለ ፍሬን ይዞ የመጣ ዳር ቆሞ እስኪበርድለት ይጠብቃል። እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ በሞተሩ እየያዝኩ ስለምወርድ እስካሁን ዳር አላቆሙኝም። ይህ የፍሬኑም የማርሹም ውለታ ነው።

ክንፉና ምቾቱ ላይ እስማማለሁ። ከኋላ ያለው ትልቅ ክንፍ ከተማ ውስጥ ሥራ የለውም፤ የፖሊስ ዓይን ከመሳብ በቀር። ጎማው ስስ፣ ሾኩ ጠንካራ ስለሆነ ጉድጓድ ሁሉ ወደ ወገብ ይመጣል። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከኤርፖርት የወሰድኳት በጓደኛዬ መኪና ነው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ቁጥሩ ትክክል ነው። ቴስላ ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል ፍጥነት ለመድረስ 3 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ኤስ ቲ አይ 5 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ከመብራት ለመነሳት ከሆነ ጨዋታው አልቋል፤ አልከራከርም። ከፍታ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተርን ጉልበት አይነካም። ይህን ጸሐፊው አላነሱትም፤ እኔ ልጨምርላቸው። ግን ያ መኪና ከ1,800 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ኤስ ቲ አይ 1,560 ገደማ ነው። ኩርባ ላይ እያንዳንዱን ኪሎ የሚሸከመው ጎማው ነው፤ ሹፌሩም ይሰማዋል። ማርሹን የሚመርጥ፣ ፍሪሲዮኑን የሚያመጣጥን፣ ዲፈረንሻሉን የሚያጠብቅ ሰው ሌላ ሥራ ላይ ነው ያለው። ያ ሥራ የማይስበው ሰው ይኖራል፤ መብቱ ነው። እኔን የሚስበኝ ያ ነው።

ጸሐፊው ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏንም ጠቅሰዋል። ክልከላው ይገባኛል። ሀገራችን ነዳጅ የምትገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ መብራታችን ግን ከወንዞቻችን ነው። እዚያ ኤሌክትሪክ መኪና ብልህነት ነው። ይህ ግን የሀገር ኢኮኖሚ ጉዳይ ነው። በርተድ ፓስ ላይ አንድ መኪና ምን እንደሚሰማው አይነግረንም።

የመጨረሻው ነጥባቸው "ቢረባ ኖሮ አያቆሙትም ነበር" የሚል ነው። የመጨረሻው ኤስ ቲ አይ የ2021 ሞዴል ነው። በማርች 2022 ሱባሩ በአዲሱ ደብልዩ አር ኤክስ ላይ የተመሠረተ በነዳጅ የሚሠራ ኤስ ቲ አይ እንደማይሠራ አስታወቀ። የሰጠው ምክንያት የጋዝ ልቀትና የነዳጅ ፍጆታ ደንብ እየተቀየረ መምጣቱ፣ ትኩረቱም ወደ ኤሌክትሪክ መዞሩ ነው። በጋሎን 19 ማይል የሚሄድ መኪና ለእንዲህ ያለ ዘመን አይመችም። ያቆሙት ለዚህ ነው። ስለ አነዳዱ የተባለ ነገር የለም።

ጸሐፊው ዴንቨር ዘመድ እንዳላቸው ጽፈዋል። ለጥምቀት ቢመጡ ደስ ይለኛል። ጃንዋሪ ላይ በረዶ አይጠፋም፤ የእኔም መኪና የበረዶ ጎማውን አድርጎ ነው የሚጠብቃቸው። መጀመሪያ ያ ባዶ ማቆሚያ ቦታ እንሄዳለን። ዲፈረንሻሉን እሳቸው ራሳቸው ይልቀቁት፣ ራሳቸው ያጥብቁት። ከዚያ መንገዱ ክፍት ከሆነ በርተድ ፓስን እሳቸው ይነዱታል፤ እኔ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ስንመለስ 91 ሞልተን፣ ኮፈኑን ከፍተን የዘይቱን ልክ አብረን እናያለን።